ጣሪያዬ ላይ ያለው ምሰሶ

ሐምሌ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ዓርብ

ይህን ደብተር የገዛሁት የኢንሹራንሷ ልጅ አዝዛኝ ነው። ቤዛ ትባላለች። ትናንት ከአዲስ አበባ መጥታ ቤቱን ከቆጣሪው እስከ ቆርቆሮው አየችው። ስትጨርስ፣ "እማማ ዘነበች፣ ከዛሬ ጀምሮ ቤቱ ላይ የሚሠራውን ሁሉ ቀን እያደረጉ ይጻፉልኝ፤ ለፋይሉ ይጠቅመናል" አለችኝ። እኔ የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ብርድ ልብስ ፋብሪካ ስሠራ እጄ የጻፈው ነገር ቢኖር ፊርማዬን ነው። እንግዲህ ቀስ እያልኩ እጽፋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤቱ በባንክ ብድር የተሠራ ስለሆነ ባንኩ የእሳት ኢንሹራንስ በየዓመቱ እንዲታደስ ይፈልጋል። የዘንድሮው መስከረም 8 ያልቃል። ካልታደሰ ከባንኩ ጋር ያለን ውል ይፈርሳል፤ ውሉ ከፈረሰ በዚህ ቤት ውስጥ መቆየቴ ያጠራጥራል። ከጀርባው ግድግዳ ተነስቶ ከቆርቆሮው በላይ የሚወጣ የብረት ምሰሶ አለ። የልጄ የኪሩቤል የሬዲዮ አንቴና ነው። ኪሩቤል በመጋቢት ተለየኝ። ምሰሶው ግን እንደቆመ ነው።

ቤዛ ከምሰሶው በግድግዳው በኩል የወረደውን አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ በጣቷ ተከትላ ወረደች። ሽቦው ወገቤ ጋ ሲደርስ ያልቃል። ጫፉ ተንጠልጥሏል።

"ይህ የት ነበር የሚገባው?" አለችኝ።

"እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፤ የእሱ ሥራ ነው።"

"ፋይሉ ላይ እኮ ምሰሶው ግራውንድ አለው ይላል። ከሦስት ዓመት በፊት ልጅዎ ራሱ ሞልቶ ፈርሞበታል።"

ግራውንድ ማለት መብረቅ ቢወርድ ወደ ቤት ሳይገባ በሽቦው አልፎ መሬት ውስጥ የሚቀርበት መንገድ ነው ብላ አስረዳችኝ። ከመስከረም 8 በፊት ወይ ምሰሶው ይውረድ፣ ወይ የብቃት ማረጋገጫ ያለው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከመሬት ጋር አያይዞ በመሣሪያ ለክቶ ይፈርምበት አለች። የሶኬት ማከፋፈያ ላይ ሌላ ማከፋፈያ የሰካሁትንም አይታ ራሷን ነቀነቀች።

መልካም ልጅ ናት። ሳሎን ስትገባ ጭቃውን ከጫማዋ ጠርጋ ነው። የኪሩቤልን ፎቶ ስታይ ወረቀቶቿን አስቀምጣ "ነፍስ ይማር" ብላ ትንሽ ተቀመጠች። ያንን ማድረግ ሥራዋ አልነበረም። እግዜር ይስጣት።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

ከቅዳሴ ስመለስ ነጎደ። ሁሉንም ከሶኬት ነቀልኩ። ቴሌቪዥኑን፣ ፍሪጁን፣ የስልክ ቻርጀሩን።

አቶ ይርጋ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው፤ የእድራችንም ንብረት ያዥ ናቸው።

"ዘነበች፣ ያ ብረት እንዳለ ነው?"

"እንዳለ ነው አቶ ይርጋ።"

"እኔ ለአንቺ ብቻ አይደለም የምፈራው። ለአንቺ የተላከው መብረቅ አድራሻ ተሳስቶ እኔ ቤት ቢገባስ?"

ሳቅሁ። ከመጋቢት ወዲህ የሳቅሁባቸውን ቀኖች መቁጠር እችላለሁ። ብዙውን ያሳቁኝ እሳቸው ናቸው።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ስለ ኪሩቤል ልጻፍ። ለፋይሉ አይጠቅም ይሆናል።

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የኤሌክትሪክ ቤተ ሙከራ ሠራተኛ ነበር። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ሬዲዮው የሥራው አይደለም፤ የፍላጎቱ ነው። አማተር ሬዲዮ ይባላል። መንግሥት ፈቃድና የጥሪ ስም ይሰጠዋል፤ ከዚያ በሌላ አገር ካለ ፈቃድ ካለው ሰው ጋር በአየር ላይ ይነጋገራል። ገንዘብ አይገኝበትም። "ታዲያ ምን ያደርግልሃል?" ስለው፣ "እማዬ፣ ሰላም ነው ወይ እንባባላለን" ይለኝ ነበር። አንድ ጊዜ በአሣ አጥማጅ መርከብ ላይ ካለ ሰው ጋር አወራ። ሰውየው የት ነህ ሲለው ኪሩቤል ደብረ ብርሃን፣ ብርዱ አይጣል ነው አለው። ሰውየውም እዚህም ብርድ ነው አለ። ይኸው ነው የተነጋገሩት። እሱ ግን ያን ቀን ራቱን እየሳቀ በላ።

ፈቃዱ በመስታወት ገብቶ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ነገር ሁሉ በሥርዓት እንዲሆን የሚፈልግ ልጅ ነበር። ዝናብ ሊመጣ ሲል ሽቦውን ከሬዲዮው ይነቅል ነበር፤ አንድም ቀን ዘንግቶ አያውቅም። ምሰሶውን ባቆመ ሰሞን ከጓሮ ጉድጓድ ቆፍሮ የጎመን መደቤን አበላሸብኝ። ሁለት ቀን አኮረፍኩት። ጉድጓዱ ለምን እንደሆነ ነግሮኝ ነበር። አሁን መጻፍ አልፈልግም።

መጋቢት 18 ከአዲስ አበባ ሲመለስ ጣርማ በር ላይ መኪናው ተገለበጠ። ከዚያ የቀረውን ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ጎረቤቶቼ ሦስት ሳምንት ሙሉ እሳት እንዳነድ አልፈቀዱልኝም። ምግቡ በተራ ይመጣ ነበር። ያን ጊዜ አላመሰገንኳቸውም፤ አፍም አልነበረኝም። እዚህ ላይ አመሰግናቸዋለሁ።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

ትዕግስት ከደነባ ደወለች። ልጄ እዚያ አስተማሪ ናት።

"እማዬ፣ ምሰሶውን አስወርጂውና ተገላገዪ። ለምን ትጨነቂያለሽ?"

"ከወረደማ ኪሩቤል ያለ ግራውንድ አቁሞት ነው የወረደው ይባላል።"

"ማን ይላል?"

"ፋይሉ።"

"ፋይል አፍ አለው እንዴ? ደግሞስ ሳያስር ቀርቶ ከሆነስ? ሰው ነው እኮ።"

እንጀራው ሊያርርብኝ ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ምጣድ ላይ ምንም አልነበረም።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

ዛሬ ያጠፋሁትን ልጻፍ።

ደረጀ መጣ። ዩኒቨርሲቲ ከኪሩቤል ጋር የሚሠራ አስተማሪ ነው፤ ሬዲዮውን አብረው ነበር የሚነካኩት። ስኳርና ዘይት ይዞ ነው የመጣው። ትንሽ ከተጫወትን በኋላ፣ "እማማ፣ ዩኒቨርሲቲው ለተማሪዎች የሬዲዮ ክበብ ፈቅዷል። ፈቃድም አግኝተናል። ምሰሶውን ቢሰጡን ብለን ነበር" አለኝ።

"አደገኛ ነው ብላችሁ ልትነቅሉት ነው አይደል?"

"ኧረ በፍጹም፤ እንዲያውም የእሱን ያህል በጥንቃቄ የሚሠራ—"

"አይወርድም።"

ተነስቶ ጫማውን ሲያስር አንገቱ ቀልቶ ነበር። ቃሉን ሳይጨርስ አቋረጥኩት። የምፈልገውን ቃል ሊናገር ነበር እኮ። ስኳሩን ትቶልኝ ሄደ። እንዲህ ያለ ሰው ስለነበረው ልጄ ዕድለኛ ነበር።

ሐምሌ 27፣ እሑድ

ሁለት ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ጠየቅሁ። አንዱ ማረጋገጫ የለውም። ሁለተኛው ለመስከረም አጋማሽ ቀጠረኝ። አይሆንም።

ገበያ ላይ ሰማሁ። መዘዞ በኩል መብረቅ ዛፍ ሥር የተጠለሉ በጎች ገደለ። አሥራ አንድ በግ። ወሬውን የምታወራው ሴት ከኋላዋ መኖሬን አላየችም። "ጉድ ነው፣ የዘነበችን ቤትማ ማየት ነው። ልጁ እሱ ሄዶ መዘዙን ለእናቱ ተከለላት" አለች።

ቲማቲሙን ሳልገዛ ተመለስኩ።

አለመሆኑን መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም።

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

የፍልሰታ ጾም አምስተኛ ቀን። ዛሬ ብዙ የሚጻፍ አለ።

ወፍጮ ቤት ተራ ስጠብቅ ዓወል የሚባል ማረጋገጫ ያለው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ እንዳለ ነገሩኝ። የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ሱቅም አለው፤ የአሊዩ አምባ ሰው ነው። ከወፍጮው በቀጥታ ሄድኩ። ስሜንና ሰፈሬን ስነግረው ብድግ አለ።

"የኪሩቤል እናት ነዎት? እትዬ፣ አላህ ያጽናዎት። ለቅሶ መድረስ ሲገባኝ አገር ቤት ነበርኩ፤ ይቅር ይበሉኝ።"

ሱቁን ለወንድሙ ትቶ አብሮኝ መጣ። በመንገድ ላይ ስለ ልጄ እያነሳ ነበር የሚጫወተው። ኪሩቤል ዕቃ ሲገዛ በሚሊሜትር እየለካ እንደሚያስቸግረው፣ አንድ ብሎን ሦስት ጊዜ እንዳስለወጠው። "እንደሱ ያለ ደንበኛ ሁለት ቢኖረኝ ሱቄን ዘግቼ እረኝነት እሄድ ነበር" አለ።

ጓሮ ስንደርስ የተንጠለጠለውን ሽቦ አየና ጫፉን በጣቱ ነካ።

"ይህ አልተበጠሰም። በቢላ ነው የተቆረጠው።"

ከዚያ ቁጢጥ ብሎ በያዘው ብረት አፈሩን ጫር ጫር አደረገ። ጥቁር ወጣ። ከሰል ነው። እፍኝ ዘግኖ አሳየኝ።

"ይኸው። ከሰልና ጨው ነው እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ያለው። አፈሩ እርጥበት እንዲይዝ ነው የሚደረገው፤ ያኔ ኤሌክትሪክ ቶሎ መሬት ይገባል። ጨውን ከአሊዩ አምባ ያመጣሁለት እኔ ነኝ እትዬ። የመዳብ ልባስ ያለውን ዘንግም የገዛው ከእኔ ነው። እዚህ መሐል ላይ ቆሞ ነበር። ጫፉ አንድ ስንዝር ወጣ ብሎ ሽቦው በማሰሪያ ይያያዛል። የታለ ዘንጉ?"

"እሳት ላይ ውኃ ጥጄ ነበር" ብዬ ወደ ውስጥ ገባሁ።

በኩሽናው መስኮት አየሁት። እየቆፈረ ነበር። አቶ ይርጋ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አውጥተው ያዩታል። ሁልጊዜ የሚናገሩት ነገር አያጡም። ዛሬ ምንም አላሉም።

ዓወል ሲሄድ፣ "ግራውንዱ ነበረው እትዬ፤ ልጅዎ አልዋሸም። ዘንጉ ከጠፋ ግን ሌላ ይገዛል፣ አይጨነቁ" አለኝ። ልጅዎ አልዋሸም ያለበትን ቃል ደጋግሜ ለራሴ ነገርኩት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ነሐሴ 7፣ ረቡዕ

ኪዳን ላይ ቆሜ ጸሎቱ አልገባኝም። ዝናብ። ልብስ አልደረቀም። ሽሮው አረረብኝ።

የምጽፈው የለኝም።

ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ

ጠዋት አቶ ይርጋ በበሩ መጡ። በአጥሩ ብቅ ማለት እንጂ በበር መምጣት ልማዳቸው አይደለም። በጆንያ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ተሸክመዋል። ሳይቀመጡ መሬት ላይ ዘረጉት። ቀላ ያለ የብረት ዘንግ ነው፤ ራሱ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ጠፍጥፏል።

"ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ።"

"ከእድሩ ዕቃ ቤት ነው ያመጣሁት። ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ ሲነጋ ሄጄ ካስማዎቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ያን ዕለት ለለቅሶው ድንኳን ስንተክል አንድ ካስማ ጎድሎ ነበር። ይህቺ ደግሞ ከመሬት ወጣ ብላ ሰው ታደናቅፍ ነበር። ውኃ አፍስሰን አነቃንቀን ነቀልናት፤ ሽቦውን እኔ ቆረጥኩት። በእሷው የድንኳኑን ገመድ አሰርን። ሲፈርስ ከካስማዎቹ ጋር ተጠቅልላ ሄደች።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ በሦስት ለቅሶ ተተክላለች። ጎበዝ ካስማ ናት፤ አትጎብጥም።" ይህን ብለው ራሳቸው አፈሩ። "እኔ ነኝ እንግዲህ ስንት ጊዜ በልጅሽ ምሰሶ ያማረርኩት። ግራውንዱን የወሰድኩት እኔው።"

"አቶ ይርጋ፣ ያን ዕለት ጠይቀውኝ ነበር?"

ለረጅም ጊዜ አዩኝ። "አልጠየቅኩሽም መሰለኝ" አሉ። "እንዲያ ባለ ቀን እናት ትጠየቃለች? ራሴ ነኝ የወሰንኩት።"

"እሺ" አልኳቸው።

ቁርስ አቀረብኩላቸው፤ ጾም ነው ብለው ሳይነኩ ሄዱ። እኔም ጾም መሆኑን ረስቼው ነበር። ዘንጉን አጥቤ የኪሩቤል ክፍል በር ሥር አስደገፍኩት። ምንም ዝገት የለበትም። ጥሩ ዕቃ ነው የገዛው።

ነሐሴ 19፣ ሰኞ

ዓወል ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ዋለ። ለፋይሉ በደንብ ልጻፈው።

የድሮውን ጉድጓድ አጽድቶ ዘንጉን መልሶ ተከለ። አዲስ ከሰል፣ አዲስ ጨው፣ በባልዲ ውኃ። አዲስ የመዳብ ሽቦ ሳይቆራረጥ ከምሰሶው እስከ ዘንጉ ወረደ። ከዚያ ከዚያው ዘንግ ሌላ ሽቦ ወደ ቆጣሪው ሳጥን ወሰደ። የቤቱ ሶኬቶች ራሳቸው ግራውንድ አልነበራቸውም፤ ቤቱ ሲሠራ ነው የተዘለለው። ስድስት ሶኬት ለወጠ፤ የማከፋፈያ ክምሬን ሰብስቦ ጣለልኝ።

"ኪሩቤል ለምን የቤቱን አላያያዘውም?" አልኩት።

"ሊያያይዝ አስቦ ነበር። ሽቦውን እንዳስቀምጥለት ነግሮኝ ነበር። ለፋሲካ ዕረፍት ነበር ቀጠሮው።"

ፋሲካ በሚያዝያ ነበር። እሱ አልደረሰበትም።

ጾሙ ተፈትቶ ቤቴ ሥጋ ነበር፤ ግን እኛ ያረድነው ለእሱ ስለማይሆን ሽሮ በዘይት ሠራሁ። ሲቀርብለት፣ "እትዬ፣ የእርስዎን ጾም ወደ እኔ ሊያዞሩት ነው?" ብሎ ሁለት እንጀራ በላ። ልኬቱን ሲያነሳ ጠራኝ። መሣሪያው ላይ ሦስት ነጥብ ስምንት ኦም ይላል። ከአምስት በታች ከሆነ በጣም ጥሩ ነው አለ።

"ልጅዎ የቆፈረው ቦታ ጥሩ ነው። እኔ ብሆን እዚሁ ነበር የምቆፍረው። አልሐምዱሊላህ።"

ተመስገን አልኩ እኔም። ሁለታችን ጎን ለጎን ቆመን አንድ ቁጥር እያየን።

ነሐሴ 26፣ ሰኞ

ቤዛ መጣች። ሁሉንም ፈትሻ ፎቶ አነሳች። የዓወልን ወረቀት አይታ ደስ አላት። ከዚያ አንድ ፎርም አወጣች። "የጉድለቱ ምክንያት" የሚል ባዶ መስመር አለበት።

ዘንጉ ለድንኳን ካስማ እንዲሆን ተነቅሎ እንደነበር ነገርኳት። ማን እንዳስነቀለው አልነገርኳትም። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"እማማ፣ ለእርስዎ ብዬ ነው የምነግርዎት። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ባለቤቱ የደህንነት ነገር አስነቅሎ ካላሳወቀ አለቃዬ ለማደስ እምቢ ሊል ይችላል። እሱ ጠንካራ ነው። የሚቀለው፣ የመጀመሪያው ፎርም በስህተት ተሞልቶ ነበር ብሎ መጻፍ ነው። ግራውንድ አልነበረም፣ አሁን ተሠራ። የሞላው ሰው ደግሞ..."

"ሞቷል።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ። ማለቴ ማንም አይጠየቅም ለማለት ነው።"

ክፉ አላሰበችም። ቤቴን ልታተርፍልኝ ነው። እስከ ነገ ጊዜ ስጪኝ አልኳት። ትዕግስትም ስደውልላት፣ "እማዬ፣ ፈርሚ። ኪሩቤል ቢሰማሽ ራሱ ፈርሚ ነው የሚልሽ" አለች። እውነቷን ይሆናል። እሱ ቸር ነበር።

ነሐሴ 27፣ ማክሰኞ

አሁን እጽፈዋለሁ።

አቶ ይርጋ ጠይቀውኝ ነበር። መጋቢት 19 ጠዋት፣ አስከሬኑ ገና ከሆስፒታል ሳይመጣ። ጓሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጫለሁ። መጥተው ጎንበስ ብለው፣ "ዘነበች፣ ይህቺ ብረት የምን ናት? ሰው እንዳታደናቅፍ ትነቀል?" አሉኝ። የምን እንደሆነች አውቅ ነበር። ጎመኔን አበላሽቶ ሁለት ቀን ያኮረፍኩበት ነው፤ በሦስተኛው ቀን መጥቶ አጠገቤ ተቀምጦ፣ "እማዬ፣ ይህቺ ባትኖር እኔ ሥራ ስውል ስለአንቺ እጨነቃለሁ" ብሎኛል። ያንን እያወቅሁ፣ "ንቀሏት። ሁሉንም ንቀሉት" አልኩ። በእሱ ላይ ተቆጥቼ ነበር። ትቶኝ ስለሄደ። ሰው በሞተ ልጁ ላይ ይቆጣል ቢሉኝ አላምንም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለቤዛ አላውቅም አልኳት። ለዓወል ውኃ ጥጃለሁ አልኩት። የገበያዋን ሴት ዝም አልኳት። አቶ ይርጋ የእኔን ጥፋት ሲሸከሙልኝ እሺ አልኩ።

ከሰዓት በኋላ በበሩ ዞሬ ሄድኩላቸው። ቡቱቶ ኮታቸውን ለብሰው ድንች ይልጣሉ።

"ጠይቀውኝ ነበር" አልኳቸው።

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን ዋሹልኝ?"

"የማስታውሰውን ሁሉ መናገር አለብኝ እንዴ? ደግሞ የእኔን ስም ጻፊ። እኔ ኢንሹራንስ የለኝም፣ ምን ይቀሙኛል? ድንቹን?"

"አይሆንም አቶ ይርጋ።"

"እንግዲያው ተቀመጪና ድንች ላጪ።"

ልጬላቸው መጣሁ። ማታ በፎርሙ ጀርባ የጻፍኩት ይህ ነው፤ ለራሴም እዚህ ገለበጥኩት።

"ለድርጅቱ። ልጄ ኪሩቤል ምሰሶውን ከመሬት ጋር በትክክል አያይዞት ነበር። በፎርሙ ላይ የፈረመው እውነት ነው። ዘንጉ የተነቀለው መጋቢት 19 ቀን 2017 ለለቅሶ ድንኳን ሲባል ነው። እንዲነቀል የፈቀድኩት እኔ ነኝ። ማሳወቅ እንዳለብኝ አላወቅሁም ነበር። በሐምሌ ስጠየቅ አላውቅም ማለቴ ግን ውሸት ነው። የነቀሉት ሰዎች ምን እንደሆነ አያውቁም፤ እኔ አውቅ ነበር። ውሉን አናድስም ካላችሁ ቅር አልሰኝም። የልጄ ፎርም ግን በስህተት ተሞላ ተብሎ እንዳይጻፍ እለምናለሁ። ዘነበች።"

ሦስት ጊዜ ገልብጬ ነው የጠራልኝ። ጠዋት በፖስታ አድርጌ በአዲስ አበባው አውቶቡስ እልከዋለሁ።

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

ሩፋኤል። ዝናቡ ሲወርድ የሰፈሩ ሕፃናት በቦይ ሥር ይጠመቃሉ። እኔም እጄንና ፊቴን ታጠብኩ።

ከኢንሹራንሱ ወሬ የለም። ቤዛ ስልክ አታነሳም።

እንግዲህ ቤቱ ቢሄድ ትዕግስት ዘንድ ደነባ እሄዳለሁ። አልጋ አላት። ይህንንም ስለሰጠኝ ተመስገን። ትናንት ኮተቴን ሳገላብጥ የትኛውን እንደምወስድ እያሰብኩ ነበር።

መስከረም 5 ቀን 2018፣ ሰኞ

ጠዋት ቤዛ ደወለች። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

"እማማ፣ ዘግይቼብዎታለሁ። ደብዳቤዎ አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ አሥር ቀን ቆየ።"

"ተናደደ?"

"ሦስት ጊዜ አነበበው። ከዚያ፣ 'ይቺ ሴት ቤቷ ቢቃጠል እንኳን ሻማውን እኔ ረስቼው ነው ብላ የምትነግረን ናት፤ ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ውል ካልገባሁ ከማን ጋር ልገባ ነው?' አለ። ይታደሳል።"

"የኪሩቤል ፎርምስ?"

"አልተነካም። እንዳለ ነው። ከጎኑ የእርስዎ ደብዳቤ ተያይዟል።"

"ልጄ፣ አንቺን ግን ጎዳሁሽ? የመከርሽኝን ትቼ።"

"'በስህተት ተሞላ' የምትለዋን መስመርዎን አይቶ እኔንም ጠርቶኝ ነበር። እንዲህ ያለ ምክር ለማን ለማን ሰጥተሻል ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ቀሎኛል እማማ" አለች።

ለአቶ ይርጋ በአጥሩ ላይ ነገርኳቸው። "እኔስ ኢንሹራንስ ብገባ ይቀበሉኝ ይሆን?" አሉ። "ድንቹን ነው የሚያስገቡት?" አልኳቸው።

መስከረም 9፣ ዓርብ

ወረቀቱ ደረሰ። መነጽሬን አጥቤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩት። በሁለተኛው ገጽ፣ "የአንቴና ምሰሶ፣ ከመሬት ጋር በአግባቡ የተያያዘ፣ 3.8 ኦም" ይላል። ጣቴን አስደግፌ አነበብኩት። ከሰኞ ጀምሮ ሌሊቱን ሳልነሳ እተኛለሁ።

ለሁለት ቀን አንድ ሐሳብ ይመላለስብኛል። አደገኛ ነው ሲሉኝ ምሰሶውን ለማንም አልሰጥም አልኩ። አሁን ማንም ምንም አይለውም። ሬዲዮው ግን ፈቃዱ በእሱ ስም ስለሆነ ማንም እዚህ ሊነጋገርበት አይችልም። ዝም ብሎ የቆመ ብረት ነው። እሱ ደግሞ ዝም ለማለት አልሠራውም።

መስከረም 13፣ ማክሰኞ

ዩኒቨርሲቲው በር ድረስ በእግሬ ሄጄ ደረጀን አስጠራሁት። ሲመጣ በመጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅሁት። "ስለምን?" አለ። ስለ ሐምሌው አልኩት። አላስታውስም አለኝ። እንደ አቶ ይርጋ እሱም የማያስታውስ ሆነ።

"ያን ዕለት የእሱን ያህል በጥንቃቄ የሚሠራ ብለህ ነበር። አልጨረስከውም።"

"የእሱን ያህል በጥንቃቄ የሚሠራ ሰው አላየሁም ነው የምልዎት የነበረው።"

እዚያው የጥበቃው ቤት አጠገብ ቆሜ ሰማሁት። ከዚያ ምሰሶውን ውሰዱት አልኩ።

መስከረም 24፣ ቅዳሜ

ዛሬ ወረደ።

ደረጀ ሁለት የሥራ ባልደረቦቹን ይዞ መጣ። ዓወል ሽቦውን ከምሰሶው ፈታ። አቶ ይርጋ በአጥሩ ላይ ቆመው የማያውቁትን ሥራ ይመራሉ። "ቀስ፣ ቀስ፣ ወደ እኔ እንዳይሆን" ይላሉ። ደረጀ፣ "ጋሼ፣ እርስዎ ብረት መንቀል ይወዳሉ ሲባል ሰምተን ፈርተን ነው እንጂ እንጠራዎት ነበር" አላቸው። ማን እንደነገረው አላውቅም። እሳቸው ከሁሉ በላይ ሳቁ።

ሲተኛ ከቤቱ ይረዝማል። ግቢውን አቋርጦ እስከ በሩ ደረሰ። ክፍሉ ገብቼ ሬዲዮውንና በመስታወት ያለውን ፈቃድ አወጣሁ። ሬዲዮውን ሰጠኋቸው። ፈቃዱን መልሼ ሰቀልኩት።

ዓወል ዘንጉ ጋ ቁጢጥ ብሎ፣ "ይህስ እትዬ? ይነቀል?" አለኝ።

"አይነቀልም። ቤቱን የያዘው እሱ ነው።"

ለእድሩ አዲስ ካስማ ዓወል ከሱቁ አምጥቶ ለአቶ ይርጋ ሰጣቸው። እሳቸውም ወደ ላይ ወደ ታች አይተው፣ "እንደዚያችኛዋ አይሆንም" አሉ። ለሁሉም ሻይ አፈላሁ።

ሲሄዱ ምሰሶውን የጫነው መኪና ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሮ በቀስታ ወጣ። ቆርቆሮው ላይ ምንም የለም። ሰማዩ እዚያ ጋ ሰፋ።

ለቤዛ ደወልኩላት፤ በቤቱ ላይ የተለወጠ ነገር ሁሉ ማሳወቅ አለብኝና።

"ምሰሶው ወርዷል ልጄ። ጻፊልኝ።"

"እሺ እማማ። አንድ መስመር አለች፤ ምክንያት ትላለች። ምን ልበል? ጉድለት?"

"ጉድለት የለበትም በይ። ደህና ስለሆነ ነው የወረደው።"

"ደህና ስለሆነ?"

"አዎ። እንደዚያ ብለሽ ጻፊው።"

ስልኩን አልዘጋችም። የኮምፒውተሩ ቁልፍ ቀጭ ቀጭ ሲል እሰማ ነበር። እስክትጨርስ ጠበቅኋት።